ብሬስ የታሰረ ጥርስ አያያዝ፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ሪቴይነር

የትልቁ ልጄ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) የተፈታ ቀን ጥርሶቹ በመስመር ተሰልፈው ነበር። ግን ብራኬት (ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ቀረ። ሁለት ዓመት ከፍለን፣ ሁለት ዓመት ተመላልሰን፣ ጥርሱ ቀና፤ መልኩ ግን ተዥጎረጎረ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሪቴይነሩን (ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘውን) ረሳና የታች ጥርሶቹ መደራረብ ጀመሩ። በትንሿ ልጄ ጊዜ አንድም ነገር በግምት አላደረግንም። ከዚህ በታች ያለው በሁለተኛው ዙር የሠራንበት ቅደም ተከተል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐኪሙ ወንበር ላይ የምትቀመጡት ከ4 እስከ 8 ሳምንት አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ በእናንተ እጅ ነው። ነገሩ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመታሰሩ በፊት

መቼ ይታይ?

የአሜሪካ የኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ አስተካካይ ሐኪሞች) ማኅበር ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው አንዴ ይታይ ይላል። ይታይ ማለት ይታሰርለት ማለት አይደለም። አብዛኛው ልጅ የሚታሰርለት የወተት ጥርሶቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ7 ዓመት የሚፈለገው ቶሎ መያዝ ያለበት ነገር ነው፦ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ኋላ የሚገጥም ከሆነ፣ ልጁ አሁንም ጣቱን የሚጠባ ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ።

በ8 ዓመት ልጅ የፊት ጥርሶች መሃል ያለ ክፍተት አያስደንግጣችሁ። ክራንቻው ሲወርድ ብዙ ጊዜ ራሱ ይዘጋል። ፍንጭቱን የሚወድ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይናገር። አገራችን ፍንጭት የሚሞገስበት አገር ነው፤ ካልነገራችሁት ግን ሐኪሙ ይዘጋዋል።

አዋቂዎችም መታሰር ይችላሉ። የሚወስነው ዕድሜ ሳይሆን የድድና የአጥንት ጤና ነው።

ለሐኪሙ የማይደበቁ ነገሮች

ግግ የወጣለት ልጅ ከሆነ ተናገሩ። ብዙ ወላጅ ያፍራል። ግግ ሲወጣ ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ ዘር ሊጎዳ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይም ተበላሽቶና ቦታውን ስቶ ይበቅላል። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ራጁን በሌላ ዓይን ያያል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገና የጥርሱ ቀለም የበለዘ ሰው ከሆነ ይህንንም ንገሩ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ ላይ የብራኬት ማጣበቂያ እንደ ሌላው አጥብቆ ላይዝ ይችላል። ከመታሰሩ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ አለበለዚያ በኋላ የትኛው ነባር ምልክት፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ርካሽ የጆሮ ጌጥ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳውን የሚያሳክከው ሰውም ይናገር። ሽቦው ውስጥ ኒኬል አለ። ጓንት ወይም ፊኛ የሚያሳክከው ደግሞ የላይና የታች ጥርስን የሚያያይዘው ላስቲክ ሊያስቸግረው ይችላል። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ አዋቂዎች የመድኃኒቱን ስም ይዛችሁ ሂዱ።

ማን ያስር? ምን ይጠየቅ?

ኦርቶዶንቲስት ማለት የጥርስ ሕክምና ከጨረሰ በኋላ ጥርስና መንጋጋ ማስተካከልን ብቻ ለተጨማሪ ዓመታት የተማረ ሐኪም ነው። የሚያስርላችሁ እሱ ካልሆነ ዕቅዱን ማን እንዳወጣው ጠይቁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ጥርስ በአንድ ላይ የሚያሳይ ራጅ፣ ብዙ ጊዜም ከጎን የሚነሳ የራስ ቅል ራጅ፣ ፎቶና የጥርስ ቅርጽ ይወሰዳል። ያለ ራጅ «ዛሬውኑ ልሰርልሽ» የሚል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፦

1. ችግሩ ምንድን ነው? ባይታሰርስ ምን ይመጣል?
2. ጥርስ ይነቀላል? የትኛው? ለምን? ይነቀላል ከተባለና ልባችሁ ካልተቀበለው ሌላ ሐኪም ጋ አሳዩ። የተነቀለ አይመለስም።
3. ስንት ጊዜ ይወስዳል? የተለመደው ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ነው። «በ6 ወር ጨርሼ እሸኛችኋለሁ» ከተባላችሁ ምን ሳይሠራ እንደሚቀር ጠይቁ።
4. ዋጋው ራጁን፣ የተሰበረ ብራኬት መተካትን፣ በመጨረሻ ሪቴይነሩን ያካትታል?
5. ሐኪሙ ቢሄድ ወይም ክሊኒኩ ቢዘጋ መዝገቤን እንዴት አገኛለሁ?

አራተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የመጀመሪያ ክፍያው ትንሽ መስሎ ሪቴይነሩ ሌላ ሒሳብ ሆኖ ይመጣል፤ ደርሶብኛል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ ኢንሹራንስ ለብሬስ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ የሚከፈል ጣሪያ አለው። ሜዲኬይድ ከ21 ዓመት በታች ላሉት የሚከፍለው ለጤና የግድ ሲሆን ነው፤ ለመልክ አይከፍልም። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ችግሩ በቂ ክብደት ካለው በመንግሥት ጤና አገልግሎት በነጻ ይታሰርለታል። ወረፋው ስለሚረዝም ቶሎ አስመዝግቡ።

ቀድሞ የሚያልቅ ሥራ

የተቦረቦረ ጥርስ ይሞላ። ጥርስ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ይታጠብ። የሚደማ ድድ ይዳን። ድዱ ታሞ የሚታሰር ሰው ጥርሱ ሲንቀሳቀስ አጥንቱም ሊሸሽበት ይችላል።

የሚገዙ ዕቃዎች

ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ለስላሳ ብሩሽ ሁለት፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ ቦርሳ ውስጥ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፤ ጀርባው ላይ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ፈልጉ። የጡጦ ማጠቢያ የምትመስል ቀጭን የጥርስ መሃል ብሩሽ። ጫፉ ጠንከር ያለ የጥርስ ክር፣ በሽቦው ሥር እንዲያልፍላችሁ። የብሬስ ሰም፣ ትንሽ መስታወት፣ ፓራሲታሞል።

ሰሙ ፋርማሲ ከጠፋ ከክሊኒኩ ጠይቁ። የጧፍ ሰም አፍ ውስጥ አይገባም። ሲሞከር አይቻለሁ፣ ለዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሲታሰር አያምም። ሕመሙ የሚጀምረው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው፤ በማግስቱ ይብሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። በየቀጠሮው ሽቦ ሲቀየርም ቀለል ብሎ ይመለሳል።

1. በታሰረበት ቀን ማታ ሳያም ፓራሲታሞል ስጡ፤ ልኩ ማሸጊያው ላይ በክብደትና በዕድሜ ተጽፏል። ለልጅ አስፕሪን አትስጡ።
2. ለ3 ቀን ለስላሳ ምግብ፦ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽሮ ፍትፍት፣ ምስር፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ አቮካዶ።
3. ጉንጭ ወይም ከንፈር ከቆሰለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። በቀን 3 ጊዜ ይጉመጥመጥ።
4. የሚፍቀው ብራኬት ላይ ሰም አድርጉ። መጀመሪያ ብራኬቱን በሶፍት አድርቁ። የአተር ፍሬ የሚያህል ሰም በጣት አድቦልቡሉና ጫን አድርጋችሁ ለጥፉ። እርጥብ ላይ አይዝም፤ «ሰሙ አልሠራም» የሚለው ሁሉ ሳያደርቅ የለጠፈ ነው። ቢዋጥ አይጎዳም። ከማጽዳታችሁ በፊት አንሱት።

ሕመሙ ሳምንት ካለፈው፣ አንዷ ጥርስ ብቻ ለብቻዋ የምትጠዘጥዝ ከሆነ፣ ወይም እብጠትና ትኩሳት ካለ አትጠብቁ፤ ክሊኒክ ደውሉ።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት

እዚህ ቀስ በሉ። ሌላውን ደረጃ ሁሉ በደንብ ብትሠሩና ይህን ብታጎድሉ የኔ ትልቁ ልጅ ትሆናላችሁ።

ምግብ በብራኬቱ ዙሪያና በሽቦው ሥር ይሸጎጣል። እዚያ የሚራቡት ተሕዋስያን ከስኳር አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የጥርሱን ማዕድን እያጠበ ነጭ ምልክት ያወጣል። ይህ በ1 ወር ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ብሬሱ ሲፈታ ከፊሉ ይደበዝዝ ይሆናል፤ ጨርሶ አይጠፋም። ካለፈም ይቦረቦራል።

የማታው ጽዳት ቅደም ተከተል

1. ላስቲክና ሰም አውልቁ።
2. አፋችሁን በውሃ ሞልታችሁ በኃይል ተጉመጥምጣችሁ ትፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ። ፍርፋሪው ይወጣል።
3. ቀጭኗን ብሩሽ በሽቦው ሥር ከላይ ወደ ታች አስገቡ፤ የእያንዳንዱን ብራኬት ግራና ቀኝ አጽዱ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ።
4. ሳሙና ያለበትን ብሩሽ ድድና ጥርስ በሚገናኙበት መስመር ላይ አጋድማችሁ ያዙ። በአጭር በአጭሩ አንቀጥቅጡ። አትጋጡ።
5. ብሩሹን ገልብጡና ከብራኬቱ በታች ያለውን አጽዱ።
6. ብራኬቱን ራሱን ፊት ለፊት።
7. የውስጡን ገጽና የሚያኝከውን ገጽ። የታች ፊት ጥርሶች ጀርባ ይረሳል።
8. ክሩን በሽቦው ሥር አሳልፉና ሁለቱን ጥርሶች ጎን ለጎን ጠርጉ። በቀን አንዴ፣ ማታ። መጀመሪያ ላይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ያናድዳል። በሁለተኛው ሳምንት እጅ ይለምዳል።
9. አረፋውን ትፉ። በውሃ አትጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ በውሃ አጥበን ነው ያደግነው፤ ይህን ልማድ ማስተው ከሁሉም አስቸገረኝ።
10. የስልክ መብራት አብሩና በመስታወት እዩ። የብራኬቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ድዱ አጠገብ በጥፍር ጫር ስታደርጉ ነጭ ሊጥ ከወጣ ከቁጥር 4 ድገሙ።

ጠዋት ከቁጥር 4 እስከ ቁጥር 7 ያለውንና ቁጥር 9ን ሥሩ። ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ ቢያንስ ቁጥር 2። ለስላሳ ወይም ሎሚ የጠጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይቦርሽ።

ልጁ «አጸዳሁ» ሲል አትመኑ። እኔ ለ3 ወር ያህል በየማታው «አፍህን ክፈት» ስል ነበር። ይሰለቻል፣ ይቆጣል። ይቆጣ።

ውሃ ከሌለ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለጥርስ ብቻ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ በፕላስቲክ ለይታችሁ አስቀምጡ። «ዛሬ ውሃ የለም» የሚባል ምክንያት እንዳይኖር።

መፋቂያ የለመዳችሁ

መፋቂያ በሽቦ ሥር አይገባም፤ ጠንካራው እንጨት ብራኬቱን ሊነቅለውም ይችላል። ብሬሱ እስኪፈታ አሳርፉት።

ጾም ላይ

ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላና ከሱሑር በኋላ ሙሉውን ጽዳት ሥሩ። ሱሑር ላይ ጣፋጭ በልቶ ሳያጸዱ መተኛት ጥርሱን ቀኑን ሙሉ በደረቅ አፍ ከስኳር ጋር ማስቀመጥ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩም የማታው ጽዳት ላይ በርቱ።

ድድ ከደማ

የሚደማውን ቦታ መተው ትልቁ ስሕተት ነው። የደማው ቆሻሻ ስላለበት ነው። እዚያው ላይ በለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለቴ ቀጥሉ። አብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ከ10 ቀን ካለፈ ወይም ድዱ አብጦ ብራኬቱን መሸፈን ከጀመረ ክሊኒክ ይታጠብ።

ነጭ ምልክት ካያችሁ

ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ደውሉ። ሐኪሙ ጥርሱ ላይ የሚቀባ ጠንካራ ፍሎራይድ ሊያደርግ ይችላል። ቤት ውስጥ ከ6 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ፍሎራይድ ያለው የአፍ መጉመጥመጫ ጨምሩ፤ ሰዓቱ ከሚቦረሽበት የተለየ ይሁን፣ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት ሲመለስ። የጥርስ ማንጫ ግን አትንኩ። ብሬሱ እያለ ጥርስ ብታነጡ ከብራኬቱ ሥር ያለው ሳይነጣ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ማዕድ

ክልክል፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ ከነቆረቆንዳው፣ ሸንኮራ አገዳ፣ በረዶ መቆርጠም፣ ቶፊና ማስቲካ፣ አጥንት መጋጥ። ፈንዲሻ ለስላሳ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ግን ድድ ውስጥ ተሰክቶ ያሳብጣል። ቆርኪ በጥርስ መክፈትና እስክሪብቶ መንከስም ከምግብ አይተናነስም።

በዘዴ የሚበላ፦ ፖምና ካሮት ቆራርጣችሁ በጎን ጥርስ። ጥብስ ደቀቅ ተደርጎ። ቁርጥ በቢላ እስከ መጨረሻው ተቆርጦ፤ በጥርስ ይዞ መጎተት የፊት ብራኬት ይነቅላል። በቆሎው ከቆረቆንዳው ተፈልፍሎ፣ ተቀቅሎ። ክትፎ ወዳጃችሁ ነው።

ቡና ላይ ፈተና አለ። ቆሎው ይዞራል፣ ፈንዲሻው ይዞራል። «ትንሽ ቆሎ ምን ያደርገዋል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ልጁ ቀድሞ የሚይዘው ነገር ይኑረው፤ ለስላሳ ዳቦ ወይም ሙዝ ስጡት። የኔ ልጅ በአንድ ፋሲካ 2 ብራኬት አውልቋል።

ስኳር ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት ከማለት ከምሳ ጋር አንዴ መጠጣት ይሻላል። ጫት የሚቅሙም እንደዚሁ። ቅጠሉ ሽቦው ሥር ይታጨቃል፣ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ ለሰዓታት ስኳር ያፈሳል።

እርድና በርበሬ ብራኬቱ ላይ ያሉትን ቀለም የሌላቸው ትናንሽ ጎማዎች ቢጫ ያደርጋል። ጉዳት የለውም፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ይቀየራል። አልጫ የሚወድ ሰው ጠቆር ያለ ቀለም ይምረጥ።

ደረጃ 5፦ ላስቲክና የላንቃ ማስፊያ

ላስቲክ ከታዘዘላችሁ ቀንና ሌሊት ይደረጋል፤ ሐኪሙ ሌላ ካላለ የሚወልቀው ለምግብና ለጽዳት ነው። በየቀኑ በአዲስ ይቀየር፤ አሮጌው ጉልበቱን ይጨርሳል። አንድ ቀን ረስታችሁ ለማካካስ ሁለት ደርባችሁ አታድርጉ። ሕክምናው ከታሰበው ወራት የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህች ትንሽ ጎማ ነው። መለዋወጫ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

የላንቃ ማስፊያ (ላንቃው ላይ ተገጥሞ በቁልፍ እየተገፋ የላይኛውን መንጋጋ የሚያሰፋ) ያለው ልጅ ከሆነ፦

1. ቁልፏ ላይ ረጅም ክር እሰሩ፤ ብታመልጥ እንዳትዋጥ።
2. ልጁን አንጋሉትና መብራት አብሩ።
3. ቁልፏን በፊተኛው ቀዳዳ አስገቡና ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ ግፉ፤ የሚቀጥለው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ።
4. ቁልፏን ወደ ኋላ እያዘነበላችሁ አውጡ። ወደ ፊት ከጎተታችሁ ያዞራችሁትን ትመልሱታላችሁ።
5. ቀኑን ጻፉ።

ቀዳዳው በከፊል ከታየ ነገ ቁልፉ አይገባም፤ ዛሬውኑ ጨርሱት። የፊት ጥርሶች መሃል ክፍተት ቢፈጠር አትደንግጡ፣ ማስፊያው እየሠራ ነው። ከታዘዘው በላይ ግን አንዲት ዙር አትጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ሲበላሽ

ብራኬት ከላላ፦ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ተዉት፤ የሚፍቅ ከሆነ ሰም አድርጉ። ጨርሶ ከወለቀ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡ። ሁለቱንም በማግስቱ ደውላችሁ ተናገሩ፤ ለቀጠሮው ቀን አታቆዩት። በሱፐር ግሉ አትለጥፉ።

ሽቦ ከኋላ ወጥቶ ጉንጭ ከወጋ፦ በእርሳስ ጫፍ ላይ ባለች ንጹሕ ላጲስ ገፋ አድርጋችሁ አጥፉት። ካልሆነ ሰም። ክሊኒክ ለቀናት የማትደርሱ ከሆነና ልጁ መብላት ካቃተው ብቻ፣ በአልኮል በተጠረገ የጥፍር መቁረጫ ጫፉን ቁረጡ። ሌላ ሰው የሚቆረጠውን ጫፍ በሶፍት ይያዝ፤ ተቆርጦ እንዳይዋጥ።

ሽቦው በኋላው ጥርስ ላይ ካለው ቀለበት ከወጣ፦ በወረንጦ ለመመለስ አንዴ ሞክሩ። እምቢ ካለ ሰም አድርጋችሁ ሂዱ።

ብራኬት ከተዋጠ፦ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ለክሊኒኩ ንገሩ። ሳል ካላቆመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም መዋጥ ካቃተ ግን ወደ ሳንባ ገብቶ ወይም ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

በኳስ ጥርስ ከተመታ፦ የተነቃነቀውን አትነካኩ፤ በዚያው ቀን ይታይ። ቋሚ ጥርስ ጨርሶ ከወለቀ ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ያዙ። ወተት ውስጥ ክተቱትና ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ቢቻል ግን አስቀድማችሁ ለብሬስ የሚሆን የጥርስ መከላከያ አሠሩለት።

ቀጠሮ ካለፈ፦ አፍራችሁ አትጥፉ። «ሽቦው እዚያው ነው፣ ምን ይሆናል» ማለት አደገኛ ነው። ያልታየ ሽቦና ላስቲክ ጥርስን ወዳልተፈለገበት ሊጎትት ይችላል።

ደረጃ 7፦ አገር ወይም ክሊኒክ ስትቀይሩ

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ይወድቃል። ልጁ አዲስ አበባ ታስሮለት ወደ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ይሄዳል፤ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፣ ከዜሮም ያስከፍላል። ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከወር በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የመጀመሪያውና የቅርቡ ራጅና ፎቶ፣ የተጻፈ የሕክምና ዕቅድ፣ የብራኬቱ ዓይነትና የሽቦ ማስገቢያው ልክ፣ አሁን ያለው ሽቦ፣ የተከፈለና የቀረ ሒሳብ። የሽቦ ማስገቢያው ልክ ብዙ ጊዜ 0.018 ወይም 0.022 ኢንች ነው፤ ይህች ቁጥር ከሌለች አዲሱ ሐኪም የትኛውን ሽቦ እንደሚያስገባ ይቸገራል። ሁሉንም በስልካችሁም ያዙ።

ለክረምት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድሞ ንገሩት። ለወራት ቢቆይ የማይጎዳ ሽቦ ያደርግላችኋል። ሰምና ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ አላይነር ሁለት ቃል

አላይነር፣ በብሬስ ፈንታ ጥርስ ላይ የሚጠለቀው ግልጽ ፕላስቲክ፣ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ ካልዋለ አይሠራም። ከውሃ በቀር ሌላ ሲበላና ሲጠጣ ይወልቃል። ቡናን ቀኑን ሙሉ ፉት የሚል ሰው ሰዓቱን መሙላት ይከብደዋል፤ እኔ ብሆን ብሬሱን እመርጣለሁ። ሐኪም ሳያይ በፖስታ የሚላከውን ተዉት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቪዲዮ የሚታየው ፍንጭትን በጎማ መዝጋት ነው። ጎማው በድዱ ሥር ገብቶ ወደ ጥርሱ ሥር ይንሸራተታል። በዚህ ጤነኛ የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡ ልጆች አሉ።

ደረጃ 8፦ ከተፈታ በኋላ

ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል። ጥርሱን የያዙት የሥጋ ክሮችና አጥንቱ አዲሱን ቦታ ለመልመድ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ዕድሜ ሲገፋም ጥርስ መንቀሳቀሱን አይተውም። ስለዚህ ሪቴይነር አለ። ብዙ ሐኪም መጀመሪያ ለወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ ማታ ማታ ያዛል። ማታ ማታው ማብቂያ የለውም፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጋችሁ ድረስ ነው።

1. ሪቴይነሩን በተፈታበት ቀን ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ተረከቡ። «ወር ቆይታችሁ ኑ» ከተባላችሁ ተከራከሩ።
2. በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።
3. ሲወልቅ ቦታው ሣጥኑ ነው። በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ማለት አስተናጋጁ ይጥለዋል ማለት ነው። ውሻ ያለበት ቤትም ተጠንቀቁ፤ ውሻ ማኘክ ይወዳል።
4. ከጥርሱ ጀርባ የተለጠፈ ቋሚ ሽቦ ካላችሁ ክሩን በሥሩ እያሳለፋችሁ አጽዱ። በየጊዜው በጣት ዳስሱት። አንድ ጫፉ ከላላ ጥርሱ ሳያሳውቅ ይሸሻል።

ለጥቂት ቀን ረስታችሁ ሲመለስ ካጠበቀ ግን ሙሉ በሙሉ ከገባ፣ ለጥቂት ቀን ቀንና ሌሊት አድርጉት፤ ይለቃል። ጥርሱ ላይ ቁጭ ካላለ ወይም አንድ ጎን ከተነሳ በጉልበት አትንከሱት፣ በሙቅ ውሃም አለስልሳችሁ አታስገቡት። በዚያው ሳምንት ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ። ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ደግሞ ጠዋቱኑ ደውሉና «አዲስ ለማሠራት ልኬት መቼ ልምጣ?» በሉ። የጥርሳችሁ ቅርጽ ወይም ፋይሉ ክሊኒኩ ዘንድ ካለ ልኬትም ላያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።